በባሕሩ በኩል

“ሰው አለው” አለ ጎሳዬ።

ጋሽ ገለታ የፕላስቲክ ወንበሩን መደገፊያ እንደያዙ ቀና ብለው አዩት። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ በአቅራቢያቸው የነበሩት ሰዎች ዞር ብለው አዩ።

“የማን ነው ልጄ?” አሉ ሽማግሌው በቀስታ።

ጎሳዬ የተናገረው የገባው ያን ጊዜ ነው። ፊቱ ጋለ። ብድግ ብሎ ወንበሩን በመዳፉ ጠረገና “ይቀመጡ ጋሽ ገለታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ” አላቸው። ከጎኑ የተቀመጠው ጀንበሬ ወደ መሬት አየ። ከጀንበሬ ቀጥላ ያለችው ሰብለወርቅ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አቀረቀረች። የት እንደሚቀመጡ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ከቀብር ሲመለሱ ሦስቱም ዓርብ ዓርብ በሚሄዱበት ተርታ ተቀምጠው፣ በቀኝ ጫፍ ያለውን ወንበር ለዓለምሰገድ ትተውለት ነበር። ዓለምሰገድን ደግሞ የቀበሩት ያን ዕለት ጠዋት ነው።

ድንኳኑ የተተከለው ጅቡቲ፣ ጋቦዴ ሰፈር፣ ሟቹ ቤት በር ላይ ነው። ማራገቢያው ፊቱን ከጥግ ወደ ጥግ እያዞረ ሙቁን አየር ያዳርሳል። ግድግዳ የምትጋራው ጎረቤት ሐዲጃ በትልቅ ፔርሙዝ የወተት ሻሂ ይዛ ገባች።

“ጠጡ” አለች። “ትናንትም አልጠጣችሁም። ወላሂ፣ ዓለምሰገድ ቢያይ እኔን ነው የሚቆጣኝ።”

“እሱ ደግሞ መቼ ተቆጥቶ ያውቃል” አለ ጀንበሬ ብርጭቆውን እየተቀበለ። “ከዘመቻ ከተመለሰ ወዲህ አፉን የሚከፍተው ሻይ ሲቀምስ ብቻ ነበር።”

“ዓለምሰገድ?”

“አዎ።”

“አንተ የምትለው ሌላ ዓለምሰገድ ነው። ግድግዳችን አንድ ነው እኮ። እሱ ማውራት ሲጀምር እኔ ሬዲዮ እዘጋ ነበር።”

ጀንበሬ ልታጽናናቸው የቀለደች መስሎት ፈገግ አለ። ጎሳዬ ግን ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ። ሻሂው እስኪቀዘቅዝ አልጠጣውም።

አራቱም የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጆች ነበሩ። አባቶቻቸው ከድሬዳዋ መጥተው እዚህ ቀሩ፤ ልጆቹ በአማርኛ እየተገረፉ፣ በፈረንሳይኛ እየተማሩ፣ በሶማሊኛ እየተሰዳደቡ አደጉ። ዓርብ የዕረፍት ቀን ነው። ፀሐይ ሳትበረታ ከጋቦዴ ተነሥተው፣ ሲየስታ በሚባለው ዳርቻ ባሕሩን በቀኛቸው አድርገው እስከ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ድረስ ይሄዱና፣ እዚያ ሻይ ጠጥተው በመጡበት ይመለሳሉ። የጀመረው ዓለምሰገድ ነው። “የዓርብ እግረኞች” ብሎ ስም ያወጣውም እሱ። ከሁሉም ጫፍ፣ በባሕሩ በኩል ይሄዳል፤ ከእሱ ቀጥሎ ጎሳዬ፣ ከዚያ ጀንበሬ፣ በመንገዱ በኩል ሰብለወርቅ።

የኢትዮጵያና የኤርትራ የድንበር ጦርነት ሲጀመር ዓለምሰገድ አክስቱን ሊጠይቅ ድሬዳዋ ሄዶ ነበር። የአክስቱ ሰፈር ልጆች ሲዘምቱ አይቶ አብሯቸው መኪና ላይ ወጣ። አፋርኛ ስለሚችልና ሙቀት ስለለመደ ወደ ቡሬ ግንባር ላኩት። ከዚያ ነው ደብዳቤዎቹ የመጡት። በጅቡቲ መስመር ለሚመላለሱ የከባድ መኪና ሾፌሮች ይሰጣል፤ እነሱ ደግሞ ወደብ ላይ ትራንዚተር ለነበረው ለጎሳዬ ያቀብላሉ። ጎሳዬ ደብዳቤውን ሳይከፍት እስከ ዓርብ በኪሱ ይዞ ይዞራል። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሻይ ቤቱ ሲደርሱ ይከፍተዋል። ደንቡ እንዲህ ነበር።

ዓለምሰገድ በሕይወት ተመለሰ። ቦታውንም ክፍት አገኘው። ጎሳዬ ሁልጊዜ የሚያብሰለስለው ግን፣ ያን ሁሉ የጻፈው ሰው አብሮ አለመመለሱን ነው። የተመለሰው ሰው ሻይ ቤቱ እስኪደርሱ ዝም ብሎ አጠገቡ የሚሄድ፣ ሌሎቹ ከሣቁ በኋላ ዘግይቶ የሚሥቅ፣ ዓይኑን ከባሕሩ የማያነሣ ሰው ነበር።

ከሁሉም በላይ አንድ ጠዋት አለ። የጎሳዬ ሚስት ወንድ ልጅ በወለደች በሣምንቱ ነው። ጀንበሬና ሰብለወርቅ በአንድ ነገር እየተከራከሩ ወደ ኋላ ቀርተዋል። ጎሳዬ ለዚህ ጥያቄ ከዋዜማው ጀምሮ ሲዘጋጅ ነበር። የሰው ዓይን እያየ መናገር ስለማይሆንለት፣ አንገቱን ደፍቶ የራሱን ጫማ እያየ “የልጄ የክርስትና አባት ብትሆንልኝ ደስ ይለኛል” አለ። ዓለምሰገድ አልመለሰለትም። ባሕሩን እያየ መንገዱን ቀጠለ። ጎሳዬ ዳግመኛ አልጠየቀውም። የክርስትና አባት የሆነው የሚስቱ ወንድም ነው። ልጁ፣ አማኑኤል፣ ዛሬ ወደብ ላይ ክሬን ይነዳል። ዓለምሰገድ በየዓመቱ ትምህርት ሲከፈት ለልጁ ጫማ ይገዛለት ነበር። ጎሳዬ ጫማውን በተቀበለ ቁጥር፣ ያልሆነለትን በዕቃ ሊያካክስ ነው ይልና ያዝን ነበር።

ሲመሽ የዓለምሰገድ ሚስት ውብነሽ ወደ ድንኳኑ ወጣች። ከል ለብሳ በጣም አጥራ ታየች። ጎሳዬ ሊነሣላት ሲል በእጇ ከለከለችው።

“ደብዳቤዎቹ አሉ?” አለችው።

“አሉ። ቤት ናቸው።”

“ስለዚያ ጦርነት ለእኔ አንድ ቀን አውርቶኝ አያውቅም። ስጠይቀው ‘ያን ለእግረኞቹ ጽፌያለሁ፤ ሁለት ጊዜ አልዘምትም’ ይለኛል። ነገ አምጣና አንብብልኝ። ዕንባዬ ቢመጣም አትፍራ፣ አንብብ።”

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ለቀስተኛው ሣሣ ሲል፣ ጎሳዬ ደብዳቤዎቹን ከኪሱ አወጣ። ወረቀቶቹ እጥፋታቸው ላይ ሣሥተዋል። ውብነሽ ወንበሯን አስጠጋች። ሐዲጃም ፔርሙዟን እግሯ ሥር አድርጋ ተቀመጠች። ጎሳዬ በሰው ፊት ማንበብ ያሳፍረዋል፤ ጥቂት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ።

“‘ለዓርብ እግረኞች፣ ጅቡቲ። ይህን ደብዳቤ ሻይ ቤቱ ሳይደርስ የከፈተ ሰው እግሩ ይላጥ። እኔ ደኅና ነኝ። እዚህም እግረኛ ጦር ውስጥ ነው ያስገቡኝ፤ ልምድ አለኝ ብላቸው አመኑኝ። ሙቀቱ የእኛው ሙቀት ነው፤ የጎደለው ባሕሩ ብቻ ነው። ጀንበሬ፣ ያ ሶሉ የሚያጨበጭበው ጫማህ እስከ ዛሬ አለ? ትናንት ነፋስ ሸራችንን ሲያጨበጭበው፣ ጀንበሬ መጣ ብዬ ተነሣሁ። ጓዶቼ ጠላት መጣ ማለቴ መስሏቸው መሣሪያ አነሡ።’”

ውብነሽ ሣቀች። ሣቋ ራሷን አስደነገጣትና በነጠላዋ ሸፈነችው። “ይሄ እሱ ነው” አለች። “እንደሚያወራው ነው የጻፈው።”

ጎሳዬ ሌላውን አነሣ።

“‘ዛሬ ዓርብ ስለሆነ ምሽጌ ውስጥ ቁጭ ብዬ ከእናንተ ጋር ስሄድ ዋልኩ። ሰብለወርቅ እንደ ልማዷ የሱቋን ቁልፍ ረስታ ተመለሰች፤ ጠበቅናት። ዓሣ አጥማጁ ሽማግሌ ሰላምታችንን ዛሬም አልመለሰም። ጎሳዬ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። የሚነግረኝ ነገር አለው፤ ግን ሻይ ሳይጠጣ አይናገርም። ቦታዬን ማንም እንዳይይዝብኝ። በባሕሩ በኩል የምሄደው እኔ ነኝ። ስመጣ ሌላ ሰው ካገኘሁበት ወደ ምሽጌ እመለሳለሁ።’”

“ጠበቅንለት” አለች ሰብለወርቅ። “እስኪመጣ ድረስ ማንም አልረገጠበትም። አንድ ቀን የኔ እህት አብራን ልትሄድ መጥታ እዚያ ጋ ብትቆም፣ ጎሳዬ ክንዷን ይዞ አነሣት። ጎሳዬ! ሴት ሰላም ለማለት የሚያፍረው ሰው።”

“ሲመጣም ቀጥ ብሎ ሄዶ ቆመበት” አለ ጀንበሬ። “ግን ሻይ እስኪጠጣ አይነቃም ነበር። ስንሄድ ዝም። ቀልድ ብትነግረው ዝም። ሻይ ቤት ደርሶ ሁለት ብርጭቆ ሲጠጣ ግን ምላሱ ይፈታል። ስንመለስማ ጥሩ ያወራል። ‘ያንተ ቁልፍ ሻይ ነው’ እለው ነበር።”

የውብነሽ ፊት ተለወጠ።

“ስትሄዱ እሱ በየት በኩል ነበር?”

“በባሕሩ በኩል ነዋ። ቦታው ነው።”

“ባሕሩ ስትሄዱ በቀኝ ነው?”

“በቀኝ።”

“እናንተ በግራው ናችሁ ማለት ነው።” እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። “በግራ ጆሮው እኮ አይሰማም።”

ማራገቢያው ዞሮ መጣ፣ የደብዳቤውን ጫፍ አነሣና አለፈ።

“ቡሬ ነው። ከባድ መሣሪያ አጠገቡ ወድቆ። ካገባሁት ጀምሮ በቀኙ ነው የምቀመጠው። በቀኝ ጎኑ ከተኛ ቤቱ ቢፈርስ አይሰማም። እናንተ... አታውቁም ነበር?”

“እኔ አውቃለሁ” አለች ሐዲጃ ቀስ ብላ። “ስለማይሰማ ነው የሚጮኸው ብዬ ነው ሬዲዮውን የምዘጋው።”

“ለምን አልነገረንም?” አለ ጀንበሬ። ድምፁ የተቆጣ ሰው ድምፅ ነበር። “ሌላ ቦታ እንሰጠው የለም? ምን ይከብደናል?”

“የምታውቁ ነው የመሰለኝ” አለች ውብነሽ። “ አንድ ቀን ብቻ ‘ስንሄድ ምን እንደሚያወሩ አላውቅም፤ ስንመለስ እደርስበታለሁ’ አለኝ። ታዲያ ለምን በሌላው በኩል አትሄድም ስለው፣ ‘ቦታዬን ጠብቀው ነው ያቆዩኝ፤ እኔው ራሴ ነኝ አደራ ያልኳቸው። አሁን ደግሞ ቀይሩልኝ እላለሁ?’ አለኝ።”

ጎሳዬ ደብዳቤውን አጠፈ። እንደገና ዘረጋው። እንደገና አጠፈው።

ሣልስት ሐሙስ ዋለ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው በልቶ ጠጥቶ ከተበተነ በኋላ የእድሩ ወጣቶች ድንኳኑን አፈረሱ። ጀንበሬ ወንበሮቹን እየደራረበ ወደ መኪና ያቀብላል። ጎሳዬ ወደ በረንዳው ሄዶ ውብነሽ አጠገብ ቆመ። 

“ስለ አማኑኤል ክርስትና” አለ በመጨረሻ።

“እ።”

“ዓለምሰገድን ጠይቄው ነበር።”

ውብነሽ ቀና ብላ አየችው። “ስትሄዱ ነው ስትመለሱ?”

“ስንሄድ።”

በረንዳው ግድግዳ ላይ ተደገፈች። ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር።

“ጠብቆ ነበር፣ ታውቃለህ? ለእኛ እግዜር ልጅ አልሰጠንም። ያንተ ሚስት አረገዘች ሲባል ‘ጎሳዬ ለእኔ ነው የሚሰጠኝ’ ብሎ ነጭ ሸሚዝ አሰፋ። በአርባ ቀኑ ሌላ ሰው እንደታቀፈው ስንሰማ ሸሚዙን አጣጥፎ አስቀመጠው። ‘አይፈረድበትም፤ ጦር ሜዳ የዋለ እጅ ልጁን እንዲያቅፍ አልፈለገም ይሆናል’ አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አንሥቶት አያውቅም። የተቀየምኩህ እኔ ነኝ። እሱ ጫማ ሲገዛ እንኳ እናደድ ነበር።”

“እኔ ደግሞ” አለ ጎሳዬ፣ አልጨረሰውም። ደብዳቤዎቹን ከኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ ሲሰጣት፣ ተቀብላ ደረቷ ላይ ያዘቻቸው።

“ነገ ዓርብ ነው” አለች። “ትሄዳላችሁ?”

“አላወቅንም።”

“ሂዱ።”

ሄዱ። ከጋቦዴ ሲነሡ ሰማዩ ገና አመድ መልክ ነበረው። ሰብለወርቅ ቁልፏን ረስታ ተመለሰች፤ ቆመው ጠበቋት። ሲየስታ ዳርቻ ሲደርሱ፣ ማንም ሳይናገር፣ እንደ ድሮው ተርታቸውን ያዙ፤ ሰብለወርቅ በመንገዱ በኩል፣ ጀንበሬ መሐል፣ ከዚያ ጎሳዬ። ከጎሳዬ በስተ ቀኝ የአንድ ሰው ቦታ ክፍት ነበር። ከዚያ ቦታ ወዲያ የድንጋዩ ጠርዝ አለ፤ ከጠርዙ ወዲያ ባሕሩ። ማዕበሉ ወደ ኋላ ሸሽቶ ውኃው ጸጥ ብሏል። ጀንበሬ ለብዙ ዓመት ስንት ጫማ ቢቀይርም አንዱ ሶል ሁልጊዜ ያጨበጭባል፤ ዛሬም ያጨበጭብ ነበር።

ጥቂት እንደሄዱ ጎሳዬ ከተርታው ወጣ። በክፍቱ ቦታ ኋላ ዞሮ ድንጋዩ ጠርዝ ላይ ወጣና፣ በባሕሩ በኩል፣ ከሁሉም ጫፍ መሄድ ጀመረ። ጠርዙ ጠባብ ስለሆነ እጆቹን ትንሽ ዘርጋ አድርጎ ነው የሚራመደው።

“ትወድቃለህ አንተ ሰውዬ” ሊል ጀምሮ ጀንበሬ ተወው። እግሩን ቀለል አድርጎ መርገጥ ጀመረ፤ ጫማው ዝም አለ።

ጎሳዬ በዚህ ጊዜ ጫማውን አላየም። ወደ ግራው፣ ወደ ክፍቱ ቦታ፣ ሰው ቀኝ ጆሮ ላይ እንደሚናገር ሁሉ ራሱን ዘንበል አደረገ።

“ወንድ ልጅ ወለድን” አለ። “የክርስትና አባት ብትሆንልኝ ደስ ይለኛል።”

ከዚያ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው እርምጃውን ቀነስ አደረገ፤ ሌሎቹም አብረውት ቀነሱ።