የጋሽ ቬንዴል የሊጥ ገበታ

«እጅሽን ከገበታው አንሺ! የእናቴ ነው!» አሉ እትዬ ሮዛሊያ፣ የፕሪም አረቄ በያዘ እጃቸው ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የእንጨት የሊጥ ገበታ እየጠቆሙ።

«የእናትሽማ በጎርፍ ሄዷል! ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ይሄ የኔ እናት ገበታ ነው» አሉ እትዬ ጊዜላ፣ ገበታውን ጨብጠው።

ለለቅሶ የመጡት ጎረቤቶች ዞረው ተመለከቷቸው። ሁለቱ አሮጊቶች ከቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን መካከል ማን ፊት ይቁም በሚል ከተኳረፉ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቃል ሲለዋወጡ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

ጋሽ ቬንዴል ካረፉ ሦስተኛ ቀን ሆኗል፤ ቀብሩ ነገ ነው። ልጃቸው ኤቴልካ ከቡዳፔስት ከመጣች ጀምሮ ብርጭቆ ስታጥብና እንግዳ ስትቀበል ለማልቀስ እንኳ ጊዜ አላገኘችም።

አባቷ የትንሿ ከተማ የኪሽሃርሽ ፖስተኛ ነበሩ። ደብዳቤ ሊያደርሱ በየወጥ ቤቱ ሲገቡ ሊጣል የተቀመጠ ዕቃ ካዩ አያልፉም፤ በብስክሌታቸው ጭነው ይመጣሉ። መንኮራኩር፣ የሙሽራ ሣጥን፣ አንዴማ ሙሉ በር! ሦስት ክፍል ቤታቸው ቀስ በቀስ የከተማዋ የቅርስ ቤት ሆነ፤ እያንዳንዱን ዕቃም ቁጥር ሰጥተው መዝገብ ላይ ያሰፍሩት ነበር። ኤቴልካ ያደገችው ቁጥር በተለጠፈበት ወንበር ላይ ተቀምጣ እራቷን እየበላች ነው። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት ጓደኞቿ ሳቁባትና «እኔስ ላይ ለምን ቁጥር አትለጥፍም?» ብላ አባቷ ላይ ጮኸች።

ጋሽ ቬንዴል ቆባቸውን አውልቀው አሰቡ። «አንቺን ለማንም ስለማላሳይ» አሏት።

አሁን እትዬ ሮዛሊያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ቬንዴል ራሱ ነው የነገረኝ! ‹ሮዚ፣ ከጎርፉ በኋላ ወንዝ ዳር አገኘሁት› ብሎኛል። በየማክሰኞው እየመጣሁ እዳብሰዋለሁ!»

«እኔንስ? ‹አባትሽ ለማገዶ ሊፈልጠው ሲል ከእጁ ነጠቅኩት› ብሎኛል። በየዓርቡ እመጣለሁ!»

«መዝገቡ ይፍረዳ!» አለ አንድ ጎረቤት።

ኤቴልካ የአባቷን መዝገብ ገለጠች። አርባ አንድ ቁጥር ላይ፣ በዚያ በጥንቁቅ እጅ ጽሑፋቸው፣ «የሊጥ ገበታ። የእናቴ።» ይላል። ለካስ የራሷ የኤቴልካ አያት ገበታ ኖሯል! ቀና ስትል ሁለቱ አሮጊቶች አፍጥጠው ይጠብቋታል።

«‹የእናት› ነው የሚለው» አለች፣ የመጨረሻዋን ድምፅ ውጣ። «የማን እናት እንደሆነች አልጻፈም።» መዝገቡንም ከደነችው።

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ጊዜላ ናቸው። «ማክሰኞ ለሷ፣ ዓርብ ለኔ! እንዳንገናኝ ቀን ለይቶልን! ወይ ተንኮሉ!»

እትዬ ሮዛሊያ ሳቃቸውን ሊያፍኑ ሲታገሉ አረቄው ትን አላቸው። ጀርባቸውን መታ መታ ያደረጉላቸው እትዬ ጊዜላ ነበሩ።

«ነገ ከቀብር ለሚመለሰው ሰው የፖጋቻ ዳቦውን ማን ሊያቦካ ነው?» አሉ እትዬ ሮዛሊያ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

«አንቺማ ጨው ታበዥበታለሽ።»

«አንቺ ደግሞ በቅቤ ትሰስቻለሽ። በይ አውርጂው!»

በማግስቱ ማለዳ ሦስቱ ሴቶች እየተነታረኩና እየተሳሳቁ በገበታው ላይ አቦኩ፤ ሊጡን በብርጭቆ አፍ እየቆረጡ ጋገሩ።

«ጠንከር አድርገሽ እሺው እንጂ፣ ልጄ! ቡዳፔስት ክንድ የላቸውም እንዴ?» አሉ እትዬ ጊዜላ።

የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሲደወል ኤቴልካ ጥቁር ካፖርቷን ለበሰች። ከምድጃው ከወጣው ትሪ ላይ አንድ ትኩስ ፖጋቻ አንስታ ኪሷ ከተተች። እስከ መቃብሩ ድረስ እጇን ከላዩ አላነሳችም፤ የመጀመሪያው አፈር ሲወርድ ገና ሙቀቱ አልለቀቀውም ነበር።