እህቴ ስትቀመጥ የሚጠጥረው ማርሽ

እኔ በቁጣዬ የታወቅሁ ሰው ነኝ። ከጋራዤ አጠገብ ያለው ጎሚስታ እንኳ ድምፄን ሲሰማ ራዲዮኑን ይቀንሳል። ያን ቀን ግን የምቆጣበት አፍ አጣሁ። 

ሲጀመር እኮ ሳቅ ነበር። ጠዋት በሩን ከፍቼ ሳልጨርስ የእህቴ ባል ያቺን ባለሁለት ወንበር የስፖርት መኪናውን እያስጓራ ገባ። ሰውዬው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ የሚወደው ነገር ሁለት ነው፣ እህቴና መኪናዋ። ቅደም ተከተሉን አትጠይቁኝ። መኪናዋ ያረጀች ናት፤ ሞተሯ ከኋላ፣ ጣሪያዋ ከወገብ በታች፣ ሰው የሚገባባት ሳይሆን የሚወድቅባት። እህቴ ደግሞ የሰባት ወር ሆዷን ይዛ፣ ፊቷን አኮሳትራ፣ ዘግየት ብላ በእግሯ መጣች።

"ምነው በእግርሽ?" አልኳት።

"እሱን ጠይቀው!"

ጠየቅሁት። "ጋሼ፣ ማርሹ ጠጠረብኝ። ሁለተኛ አልገባ ይላል፤ ሦስተኛ ደግሞ ከገባ አልወጣም ይላል።"

"ሁልጊዜ ነው?"

አንገቱን አከከ። "ሁልጊዜስ አይደለም።"

"ታዲያ መቼ ነው?"

"እ... እሷ ስትቀመጥ።"

በሳቅ ፈረስኩ። እህቴ ግን እንባዋ መጣ። "ትስቃለህ? ከበድኩት እኮ! ያስረገዘኝ እሱ፣ ከበድሽኝ የሚለኝ እሱ! ከዚህ በኋላ እዚያ መኪና ውስጥ እግሬን አላስገባም፤ እሱም የእኔ አልጋ ላይ እግሩን አያሳርፍም!"

"እኔ መቼ ከበድሽኝ አልኩ? ማርሹ ከበደኝ ነው ያልኩት!" አለ ምስኪኑ።

አባባ ከጓሮ ክፍሉ ወጥቶ በርጩማው ላይ ፀሐይ ይሞቃል። አባታችን ዕድሜውን ሙሉ በያጅ ነበር፤ ዓይኑ ሲደክም ነው የተወው። እኔንም ሙያ ያስተማረኝ እሱ ነው። ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ቢያገኝ ከሁላችን ቀድሞ ነበር የሚቀልደው። ያን ቀን ግን አቀርቅሮ መሬት መሬት ያያል። ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ ጨዋ ሰው ዝም ይላል ብዬ አለፍኩት።

"ኑ፣ አሁን እፈርዳለሁ" አልኩና መኪናዋን ብቻዬን ይዤ ወጣሁ። ሰፈሩን ዞርኩባት። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፤ ማርሹ በቅቤ ላይ የሚሄድ ነው የሚመስለው። ፍሪሲዮኑ ደህና፣ የካምቢዮ ዘይቱም ሙሉ። ተመልሼ፣ "አንተ ሰው ሆን ብለህ ነው እህቴን የምታስለቅሳት?" ብዬ ጮህኩበት። እሱ ግን በአጠገቤ ያለውን በር ከፈተና፣ "እሷን አስቀምጥና ንዳ" አለኝ።

እህቴ እያጉረመረመች ገባች። ከበሩ ሳልወጣ ሁለተኛ ላስገባ ብል፣ ወይ ፍንክች! የማርሹ እጀታ ድንጋይ ውስጥ የተተከለ ይመስል። እህቴ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

እንዴ! ሰው በወንበር ቢቀመጥ ከማርሽ ጋር ምን አገናኘው? "ውረጂ" አልኳትና ባሏን መሪው ላይ አስቀምጬ እኔ በእሷ ቦታ ገባሁ። እኔ ደግሞ፣ ምን ይዋሻል፣ እርጉዝ ሳልሆንም ከእሷ እከብዳለሁ። በሁለት እጁ ቢጎትት ማርሹ ጭራሽ አልንቀሳቀስ አለ።

"አየሽ? አንቺ አይደለሽም!" አልኳት። "አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሉሻል ይሄ ነው። ጥፋቱ የመኪናዋ ነው!"

እህቴ በእንባዋ መሃል ሳቀች። ባሏም ትንፋሹ መለስ አለ። እኔም ደስ አለኝ፤ ሞኝ ነኝ እኮ፣ የተገላገልኩ መሰለኝ።

መኪናዋን ከጋራዡ መጠገኛ ጉድጓድ በላይ አቁመን መብራት ይዤ ከሥር ገባሁ። ሞተርና ካምቢዮዋ ከኋላ ስለሆነ፣ ከማርሹ ተነስቶ እስከ ካምቢዮው የሚደርስ ረጅም ዘንግ በወለሉ ሥር ያልፋል። ዘንጉ ቀጥ ያለ ነው። መሃል ላይ ግን ጎኑ ተፍቆ ያብረቀርቃል፤ የሆነ ነገር ይጫነዋል ማለት ነው። ወለሉ ካልጎበጠ ምን ይጫነዋል? ወለሉስ ለምን ይጎብጣል?

"እስቲ ሁለታችሁም ግቡ" ብዬ ከታች ጮህኩ።

ገቡ። መብራቴን አስጠግቼ ሳይ፣ ወለሉ የለበሰው ጥቁር ካትራሜ ከግራ እስከ ቀኝ ተሰነጠቀ። ዓይኔ እያየ፣ አፍ ሲከፈት እንደሚሆነው፣ ከነላሜራው ቀስ ብሎ ተከፈተ። በስንጥቁ ውስጥ የእህቴ ጫማ ታየኝ።

"ውረዱ!" አልኩ። ድምፄ የእኔ አልነበረም። "ውረዱ ብያለሁ! ቀስ ብላችሁ!"

"ምን ሆነሃል ጋሼ?"

"ውረዱ፣ እኔ ልሙት፣ ውረዱ!"

ከወረዱ በኋላ ካትራሜውን በካቻቢቴ ፋቅሁት። ከሥሩ ስቱኮ ነው፤ ስቱኮው ረገፈ። ከስቱኮው ሥር ላሜራው ከስንጥቁ ወዲህ ነጭ ነው፣ ከስንጥቁ ወዲያ ቢጫ። ክው አልኩ። ይቺ መኪና አንድ መኪና አይደለችም! የነጭ መኪና ፊትና የቢጫ መኪና ኋላ ተቆርጠው፣ ተገጥመው፣ ተበይደው፣ ከላይ ቀይ ተቀብተዋል። ይኼ ሰው እኮ እሁድ እሁድ እህቴን አሳፍሮ አውራ ጎዳና ላይ ሲበርባት ነው የከረመው! አንድ ጉድጓድ ቢያገኛቸው መኪናዋ ከወገቧ ነበር የምትቆረጠው። ላብ አጠመቀኝ። የበየዳት እጅ ይቆረጥ አልኩ፤ አፌ ያመጣልኝን ሁሉ ረገምኩ፣ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ሆኜ።

ከዚያ መብራቱን ወደ ዳር ሳዞር ማጠናከሪያ ላሜራዎቹን አየኋቸው። በመስመር የተደረደሩ ናቸው። አራት ማዕዘን አይደሉም፤ ጫፍ ጫፋቸው ሁሉ ክብ ተደርጎ ተቆርጧል። "ላሜራ የሚቀደደው ከማዕዘኑ ነው፣ ክብ አድርገህ ቁረጥ" ብሎ ልጅ ሆኜ ጆሮዬን እየቆነጠጠ ያስተማረኝን ሰው አውቀዋለሁ። ብየዳውም የእሱ ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ ወደ ግራ ያዘመመ። የሰው ድምፅ እንደማይጠፋ እሱም አይጠፋኝም።

 ጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ተደገፍኩ። የረገምኩት የማንን እጅ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። አባባ ፊት ቆምኩ። እህቴና ባሏ ተከትለውኝ መጡ።

"አባባ፣ ይቺን መኪና አንተ ነህ የበየድካት?"

ቀና አላለም። "እኔ ነኝ" አለ።

አይ ቢል ኖሮ አምነው ነበር፤ እውነቴን ነው። አይ እንዲለኝ ስንት ነገር ተመኘሁ።

"ያኔ ሁለት የተጋጩ መኪናዎች አመጡልኝ" አለ። "የአንዷ ፊት ደህና ነበር፣ የአንዷ ኋላ። አንድ አድርግልን፣ ለማሳያ ብቻ የምትቆም ናት አሉኝ። አመንኳቸው። ደህና አድርጌ ነው የበየድኩት፣ ልጄ። ሌላ ሰው ቢበይዳት እስከዛሬም አትቆይም ነበር።"

"እሱስ ይሁን፣ ያኔ አታውቅም" አልኩ። "አማችህ ገዝቶ ይዟት ሲመጣስ?"

በርጩማው ላይ ጀርባውን ሊሰጠኝ ዞረ።

"አባባ! ይዟት ሲመጣ አወቅካት ወይ?"

"እንደሷ ያለ መኪና በዚህ ከተማ ስንት አለና?" አለ በቀስታ። "በሩ ላይ ሲያቆማት ነው ያወቅኳት። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለህ እያለ ያጨበጭባል፤ እሱም አማቼ ብሎ አቀፈኝ። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ምን ልበል? ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገ ሲመጣ ደግሞ ለነገ አልኩ። ብየዳዬንም አምኜ ነበር።"

 እኔ አባቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ያን ቀን ከፍ ላደርግ ብዬ አልወጣልኝ አለ። እህቴ ግን አልጮኸችም፣ አላለቀሰችምም። ከባሏ ትከሻ ጀርባ ወጥታ አባባ ፊት ቆመች።

"አባባ፣ ባለፈው እሁድ በሩን የከፈትክልኝ አንተ ነህ እኮ" አለች። "እጄን ይዘህ አስገባኸኝ። ቀበቶውን ራስህ አሰርክልኝ፤ ሆዴን አጠበቀኝ ስልህ እንኳ አላላላህልኝም።"

አባባ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። የደከመ ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

"ለዚያ ነው እኮ ልጄ" አላት። "ለዚያ እኮ ነው ያጠበቅኩት።"

እህቴ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ወደ ኋላ ሄደች። አባባ እጁን ሲዘረጋ ባሏ መሃል ገባና ትከሻዋን ይዞ በእግር ይዟት ወጣ። እኔ መኪናዋና አባቴ መሃል ቆሜ ቀረሁ። አባባ፣ "ንገራት እንጂ፣ አንተ ንገራት" ይለኛል፤ ምን ብዬ እንደምነግራት ግን እሱም አያውቅም።