መሞት እምቢ ያሉት ሕዋሳት

ተመራማሪዋ ብሮንዊን ታሊ በሜልበርን ከተማ በሚገኝ ላቦራቶሪ ዕድሜዋን የፈጀችው በአንድ ጥያቄ ነው። የተበላሸ ሕዋስ ራሱን እንዲያጠፋ ሆኖ ተፈጥሮ ሳለ፣ አንዳንዱ ለምን እምቢ ይላል? ሕዋሱን የሚገድሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ እነሱን ጨምድዶ የሚይዝ ጠባቂ ፕሮቲንም አለ። ካንሰር ጠባቂውን ያበዛዋል።

አባቷ ክሊፍ ጡረታ የወጣ የትራም (የከተማ ባቡር) ነጂ ነው። የደም ካንሰር ሲይዘው የታዘዘለት ክኒን ያንኑ ጠባቂ የሚያሽመደምድ ነበር። ሠራለት። ቲማቲሙን መኮትኮት፣ በእግር ኳስ ቡድኑ መማረር ጀመረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በሽታው ሲጀምረው አንገቱ ሥር ወጥቶ የነበረው እብጠት ተመለሰ። የክሊፍ ሐኪም ደሙን አስመርምራ ጠባቂው ፕሮቲን ቅርጹን እንደ ለወጠና ክኒኑ እንደማይዘው ነገረቻቸው።

መኪና ውስጥ ክሊፍ፣ "እስቲ በሰው ቋንቋ ንገሪኝ" አላት።

"ሕዋሶችህ ክኒኑን አመለጡት፣ አባ።"

"ግትሮች! ልክ እንዳንቺ።"

"ከማን ወረስኩትና?"

"አንቺስ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ስትሠሪ ነበር?" ለቀልድ ነው ያለው። እሷ ግን መኪናውን ዳር አቆመችና ግንባሯን መሪው ላይ ደፋች።

"ደከመኝ፣ አባ።"

ጀርባዋን ዳበስ አደረጋት። "አውቃለሁ ልጄ። እኔም ደክሞኛል። ሻይ እንጠጣ።"

ክሊፍ ደሙን ለምርምር ፈቀደ። ብሮንዊን የአባቷን ደም መንካት ስላልሆነላት ሥራውን የያዘችው የሥራ ባልደረባዋ ሶቲሪያ ናት።

"ቤትሽ ሂጂና ተኚ፤ ያንቺ ፊት ሕዋሶቹን ያስደነግጣል" አለቻት ሶቲሪያ።

ብሮንዊን አልሄደችም። ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብላ አየች። የአባቷ የካንሰር ሕዋሶች መድኃኒቱ ውስጥ ተዘፍቀው፣ ክብና አብረቅራቂ ሆነው፣ በሕይወት አሉ።

"ደህና ናቸው" አለች፤ ከዚያ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

ሐኪሟ ለክሊፍ በሌላ መንገድ የሚሠራ ክኒን ቀየረችለት። እብጠቱ ቀስ እያለ ጎደለ። እንደ ድሮው ግን አልሆነም፤ ደረጃ ሲወጣ መሃል ላይ ይቆማል። በዓመቱ ብሮንዊን ልትጠይቀው ቤቱ ስትመጣ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ በቴሌቪዥን የእግር ኳስ ጨዋታ ያያል።

"ነገ ሥራ አለሽ?" አላት።

"አለኝ።"

"እንግዲያው እዚሁ እደሪ፤ ጠዋት ትራሙ ቅርብ ነው።"

ጫማዋን አወለቀችና እግሩ ሥር ተጠቅልላ ጋደም አለች።