የማዶው መስኮት ጌጥ

ዊንታና ባሏ ግርማይ ለሚ ኩራ ወደሚገኘው ኮንዶሚኒየማቸው የገቡት ክረምቱ ሳይወጣ፣ ነሐሴ ላይ ነው። የነበራቸው ገንዘብ በርና መስኮት ለማስገጠም፣ ወለል ለማስነጠፍና ቀለም ለማስቀባት አልቆ ስለነበር ሳሎናቸው ውስጥ ከመጋረጃ፣ ከፍራሽና ከፕላስቲክ ወንበሮች በቀር ምንም አልነበረም። ግርማይ የመንገድ ቀያሽ ስለሆነ ብዙ ሳይቆይ ወደ ሥራው ወደ ጅማ ተመለሰ። ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ እንደሚደርስ ነግሯት ነበር የሄደው።

ዊንታ ጉርድ ሾላ፣ አንድ የዕቃ አስመጪ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። በገዛ ቤቷ የምታሳልፈው የመጀመሪያው በዓል ስለሆነ ባዶ ግድግዳ እያየች መዋሉ አልዋጥ አላት። አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ ገርጂ መጋረጃ የሚሰፉ ሴቶች ዘንድ ጎራ ብላ፣ ሊጥሉት ያስቀመጡትን ቢጫ ቁርጥራጭ ጨርቅ ለምና በፌስታል ይዛ መጣች። በሦስት ማዕዘን ቅርጽ እየቆረጠች ሲባጎ ላይ ሰፋችው። ቢጫው ሲያልቅባት የግርማይን አሮጌ ቀይ ካልሲ ቆርጣ መሀል ላይ አስገባች። ሳሎኑ መስኮት ላይ ከዳር እስከ ዳር ሰቅላ ፈንጠር ብላ አየችውና ለብቻዋ ሳቀች። ቤቱ ቤት መሰለ።

በማግስቱ ጠዋት መጋረጃውን ስትገልጥ የማዶው ብሎክ ላይ ዓይኗ አረፈ። እዚያ ገና ሰው አልገባም። ግድግዳው ያልተቀባ ነው፣ አብዛኛው መስኮትም መስታወት የለውም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ግን፣ ከእሷ መስኮት ትክክል፣ ቢጫ ጌጥ ከዳር እስከ ዳር ተሰቅሏል። መሀሉ ላይ አንድ ቀይ አለበት።

መጀመሪያ ደስ ነው ያላት። ጎረቤት መጣልን ብላ ስትወጣ ጥበቃውን ጋሽ ገሰሰን ጠየቀቻቸው። እሳቸው ግን ማንም እንዳልገባ፣ መብራትም ውሃም እንዳልተቀጠለ፣ የደረጃው በር ቁልፍ ደግሞ እሳቸው ዘንድ እንደሆነ ነገሯት። ቀና ብለው ቢጫውን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

ማታ የእንቁላል መያዣ ካርቶን ቆርጣ የአደይ አበባ ቅርጽ አወጣች። እርድ በውሃ በጥብጣ ቀባችውና ሲደርቅ መስታወቱ ላይ በክብ ለጠፈችው። ሲነጋ ማዶም አበባ በክብ ተለጥፎ ነበር። በመጋረጃው ጠርዝ አጮልቃ ብዙ ቆመች። ጥላ እንኳ አልታየም። ግርማይ ጋ ደውላ ስትነግረው፣ እጅሽ ተባርኮ ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ አንቺን ሊመስል ነው ብሎ ሳቀባት። እሷ አልሳቀችም።

የባሰው የመጣው ጳጉሜን ውስጥ ነው። ከጉርድ ሾላ በታክሲ ስትመለስ፣ ከወተት ዱቄት የተረፈውን ባዶ ጣሳ ጨርቅ አልብሳ አደይ አበባ ልታደርግበት አሰበች። ጨርቁ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት አረንጓዴ ሆኖ ታያት። እንዲህ ያለ ጨርቅ ቤቷ የለም፤ ከየት እንደመጣላትም አታውቅም። ለማንም አልተናገረችም። ቤት ገብታ መጋረጃውን ስትገልጥ ከማዶው መስኮት ደፍ ላይ ጣሳ ተቀምጧል። ነጭ ነጠብጣብ ያለበት አረንጓዴ ጨርቅ ለብሷል፤ አደይ አበባ ሞልቶታል።

 ፀሐይ ሳትጠልቅ ወርዳ ጋሽ ገሰሰን ይነሱልኝ፣ ማዶ እንውጣ አለቻቸው። ቁልፉን ይዘው ፊት ፊት ወጡ። ደረጃው ሲሚንቶ ሲሚንቶ ይሸታል። ሦስተኛ ፎቅ ሲደርሱ የቤቱ በር ገርበብ ብሎ አገኙት።

ውስጥ አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ከእነሱ ይልቅ የደነገጡት እሳቸው ናቸው። ቤቱ የራሳቸው መሆኑን ለማሳየት ቶሎ ቁልፋቸውን አወጡ። ጎህ ሲቀድ፣ ጋሽ ገሰሰ ተረኛ ባልሆኑበት ሰዓት፣ በጓሮው በር እየገቡ እንደነበር፣ ዛሬ ብቻ አመሻሽ ላይ እንደመጡ ተናገሩ። ስማቸው ኤርሳዶ ነው። በልጅነታቸው ከሆሳዕና መጥተው ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ሾፌርነት የጨረሱ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ወርቄ ይህን ቤት ስትጠብቅ ኖራ ከፋሲካ በኋላ አርፋለች። በየኪራይ ቤቱ፣ ጠባብም ይሁን የሚያፈስ፣ በዓል ሲመጣ በጨርቅና በወረቀት የምታስጌጠው እሷ ነበረች።

«እኔ አልችልበትም» አሉ ኤርሳዶ። «ቤቷን እንዲሁ ባዶውን ልገባበት ደግሞ ከበደኝ። አንቺ የሠራሽውን እያየሁ ነው የሠራሁት። አትቀየሚኝ ልጄ።»

ዊንታ በፍርሃቷ አፈረች። ቢነግሯት ራሷ መጥታ ትሠራላቸው እንደነበር ገለጸችላቸው፤ የረገበውን ሲባጎም ወጠር አድርጋ አሰረችላቸው። ከዚያ ጣሳውን አየችው።

«ይሄን ግን ከኔ አላዩም፤ እኔ ገና አልሠራሁትም» አለች።

«አንቺ ያመጣሽው አይደለም እንዴ? ዛሬ ስገባ እዚህ አገኘሁት። ይቺ ልጅ አሰበችኝ ብዬ ስመርቅሽ ነበር።»

ዓይናቸው ደከም ያለ ስለሆነ ቀረቡት። ጨርቁን በጣታቸው ዳሰሱት፣ ወደ ፊታቸው አስጠግተው አሸተቱት። 

«የወርቄ ሻሽ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ራሷ ላይ አስሬ ነው የቀበርኳት።»

ጋሽ ገሰሰ አማትበው ወጡና ደረጃው ላይ ቆመው ጠበቁ። ዊንታ የሽማግሌውን ክንድ ያዘች።  

ግርማይ በዋዜማው ደርሶ ታሪኩን ሲሰማ፣ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ያደረገውን ይረሳል፣ ሻሹንም ራሳቸው አስቀርተውት ይሆናል አለ። ዊንታ ይሆናል አለችው። የታክሲውን ሐሳብ ግን ምን ብላ እንደምታስረዳው አላወቀችም።

የእንቁጣጣሽ ዕለት ሰማዩ ጠርቶ ነጋ። ኤርሳዶ ሌሊቱን አዲሱ ቤታቸው ውስጥ እንዳደሩ ጋሽ ገሰሰ ስለነገሯት፣ ዊንታ ድፎ ዳቦ በሳህን ይዛ እንኳን አደረሰዎ ልትላቸው ሄደች። ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ከፈቱላት። ወለሉ ላይ ቄጤማ ጎዝጉዘዋል። ሳሎኑ ውስጥ ባለችው አንድ አግዳሚ ላይ እንድትቀመጥ ጋበዟት።

ስትቀመጥ ከጓዳው፣ ከተዘጋው በር ጀርባ፣ መቀስ ጨርቅ ሲቆርጥ ሰማች። ረጋ ያለ፣ የለመደ እጅ ነው። ትንሽ ይቆርጣል፣ ያቆማል፣ ሌላ ቁራጭ የሚፈልግ ይመስል ይንኮሻኮሻል፣ ከዚያ ይቀጥላል።

«እንግዳ መጥቶብዎት ነው?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ኤርሳዶ ራሳቸውን በአሉታ ነቀነቁ።

«በዓል ሲደርስ ሁሌ እንዲህ ናት። ትጨርስ፣ አናቋርጣት።»

ዊንታ ለመሮጥ እግሯን ሰብሰብ አድርጋ ነበር። የሽማግሌውን ፊት ስታይ ግን ተወችው። እሳቸው ከሹፍርና አምሽተው የገቡ ባል ይመስል፣ ጉልበታቸውን አቅፈው፣ አንገታቸውን ወደ በሩ ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ሳህኑን ጭኗ ላይ እንደያዘች አብራቸው ጠበቀች። 

መቀሱ ሲያቆም ኤርሳዶ ተነስተው በሩን ከፈቱት። ጓዳው ባዶ ነው። አልጋ የለ፣ ሰው የለ፣ ወለሉ ገና ያልተነጠፈ ሲሚንቶ ነው። ጠባቧ መስኮት ላይ ግን የዊንታ እጅ በፍጹም ሊሠራው የማይችል ጌጥ ተሰቅሏል። ጨርቁ እንደ ዳንቴል ተበስቷል፣ ቅጠሉ፣ አበባው፣ ወፉ ሁሉ በየቀዳዳው ይታያል። ነፋስ በሌለበት ቀስ እያለ ይወዛወዛል።

ኤርሳዶ ብዙ አዩት። ከዚያ በሩን እንደተከፈተ ትተውት መጡና ዳቦውን ቆርሰው ሰጧት። ዊንታ ተቀብላ በላች።