ክሊዮፈስ ምንም ያልጨመረባት ሸርተቴ

ሽማግሌው ዳንሰኛ ክሊዮፈስ ከሸሚዙ አንገትጌ ጋር ሲታገል ጠዋቱ አለቀ። የሀርለም ሠፈር ሙሉ እንኳን ደስ ያለህ ብሎታል። ፀጉር ቆራጩ በነፃ አስተካክሎታል። ያቺ ፈገግታ የማታውቅ ዓሣ ጠባሿ እንኳ አንድ ቁራጭ ጨምራለታለች። እሱ ግን ከሰኞ ጀምሮ እህል አልወርድ ብሎታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ሴቱ ሁሉ የሚያብድለት ዘፋኝ፣ ላቬል፣ ሰኞ ቴሌቪዥን ላይ ወጥቶ፣ «ስደንስ ወደ ኋላ የምሸራተታት ሸርተቴ የሚስተር ክሊዮፈስ ናት፤ ልጅ ሆኜ የድሮ ፊልሙን እያየሁ ቀዳኋት፣ ሽክርክሪት ጨመርኩባት» አለ። ቅዳሜ በሚያቀርበው ትርኢት ላይ ሰዉ ፊት አስነስቶ ሊያመሰግነው ነው።

ሸርተቴዋ የክሊዮፈስ መች ሆነችና። የኦዴሳ ናት። እሷም ዳንሰኛ ነበረች፤ በወጣትነታቸው አንድ ክለብ ሲደንሱ ከመጋረጃ ጀርባ ተደብቆ ነው ያየባት። አብረውም ይታዩ ነበር ይባላል፤ እሱን ለእነሱ እንተወው።

እዚያ ሠፈር ዳንሰኛ ከዳንሰኛ ቢወስድ ነውር የለውም። ነውሩ እንዳለ መውሰድ ነው። ትከሻም ይሁን ክርን፣ የራስህን ጣል ታደርግበታለህ። ካላደረግህ የተወሰደበት ሰው ከፊት ወንበር ተቀምጦ ወለሉን በጫማው ይመታል፤ ሌላውም ይከተላል። እንዲያ የተመታበት ሰው ሠፈር ይቀይራል እንጂ ቀና ብሎ አይሄድም።

ክሊዮፈስ ምንም አልጨመረም። ኦዴሳም ያኔ ሰባኪ አገባች፤ ሰባኪው ደግሞ ጭፈራ ቤት ደጃፍ አያደርሳትም፤ ስለዚህ ወለል የመታበት ሰው የለም። ሰባኪው ዘንድሮ ሞተ።

ቅዳሜ ክሊዮፈስ ከፊት ሲቀመጥ ጎኑ ማን ቢኖር ጥሩ ነው? ኦዴሳ፣ ቀይ ባርኔጣዋን ደፍታ።

«ማን ጠራሽ?» አላት በሹክሹክታ።

«ቲኬት ገዝቼ ነው። አንተ ደግሞ ለቀብር የተገነዝክ መስለሃል።»

«ኦዴሳ፣ ስለ ፈጠረሽ…»

«ምን አልኩህ? ይልቅ ላብህን ጥረግ።»

ላቬል መድረክ ላይ ወጣ፣ ተንሸራተተ፣ ሴቱ ጮኸ። ከዚያ «ሚስተር ክሊዮፈስ ይነሱልኝ» አለ። ክሊዮፈስ ተነሳ። ጭብጨባው ሲበርድ ከአጠገቡ ሰማው፤ ጣ፣ ጣ፣ ጣ። የኦዴሳ ጫማ ነው። ከኋላ ያሉት ሽማግሌ ዳንሰኞች አንገታቸውን አሰገጉ። አንዱማ እግሩን አንስቷል።

«የእሷ ናት» አለ ክሊዮፈስ። ወደ ኦዴሳ ጠቆመ። «ሸርተቴዋ የኦዴሳ ናት። ወሰድኩባት።»

ላቬል ማይክሮፎኑን ዝቅ አደረገ። ኦዴሳ ግን መምታቷን አልተወችም።

«መውሰድህንማ አውቃለሁ። እኔም ከአጎቴ ነው የወሰድኳት፤ ትከሻ ጨመርኩባት። አንተ ምን ጨመርክ?»

«ምንም።»

«እንግዲያው ውጣና ጨምር።»

«ጉልበቴን ያመኛል እኮ።»

«ስለ ጉልበትህ ማን ጠየቀህ?»

ወጣ። ምን ያድርግ። ጫማዋ ጣ፣ ጣ እያለ ይከተለዋል። ተረከዙን አነሳ፣ ወደ ኋላ ሸርተት አለ። መሃል ላይ ግራ ጉልበቱ ከዳውና ይንቀጠቀጥ ጀመር። ላስቁመው ቢል እምቢ አለው። እንደተንቀጠቀጠ ተንሸራተተ፤ ወደቀ ሲባል ቆመ።

የኦዴሳ ጫማ ዝም አለ።

«ያቺ መንቀጥቀጥ ያንተ ናት» አለችው ሲመለስ። መሀረቧንም አቀበለችው።

በሳምንቱ ላቬል ቴሌቪዥን ላይ ሲደንስ ክሊዮፈስ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያያል። ልጁ ተንሸራተተ፤ መሃል ላይ ግራ ጉልበቱን አንቀጠቀጠ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ።

«አየኸው?» አለች ኦዴሳ።

«አየሁት።»

«ምን ጨመረባት?»

«ምንም» አላት ክሊዮፈስ። ከሶፋው ሥር ጫማውን በእግሩ እየፈለገ ነበር።