የኔታ በራሳቸው መጽሐፍ ላይ የጻፉት ስድብ

ይህ ታሪክ እውነት ነው። ከዋሸሁ ነገ ዋና ስገባ ባሮ ይውሰደኝ።

ጋምቤላ ክልል በሆነች በሦስተኛው ዓመት፣ የኔታ ወንዳፈረው ከአቦቦ ሰፈራ ተነሥተው በጭነት መኪና እየተንገጫገጩ ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ደረሱ። በሰፈራ ከወሎ የመጡ የግእዝ ሊቅ ናቸው። ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በፊት፣ የጥንት ብራናዎች ስለ እንስሳት የሚሉትን መርምረው መጽሐፍ ሲያሳትሙ ምሁሩ ሁሉ አጨብጭቦላቸዋል። እሳቸው ግን አላጨበጨቡም፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በራሳቸው ቅጂ ኅዳግ ላይ በእርሳስ ሲያርሙ ኖሩ። አሁን አታሚው ሁለተኛውን እትም ሊጀምር ነው። ቅጂው በዛሬው በረራ ካልሄደ ያው ስህተት እንዳለ ሊታተም!

ጭነት የምትመዝነው አቻን መጽሐፉን ለፍተሻ ተቀበለቻቸው። አውሮፕላኑ ግን ዘገየ፤ ማኮብኮቢያው ላይ አዞ ተጋድሞ ነበር። የኔታ ሻይ ጠጥተው ሲመለሱ፣ አቻን ላጲስ ጨብጣ ኅዳጉን ትፈገፍጋለች።

«አንቺ ልጅ! ምን እየሠራሽ ነው?»

«የኔታ፣ ሰው ሰድቦሃል! እዚህ ‹ደንቆሮ› ይላል። እዚህ ‹ይህን የጻፈ አህያ ነው›። ሁሉን አጠፋሁልህ። ማን ነው እሱ? ወንድሜ ኦኬሎ ያናግረዋል።»

የኔታ ሚዛኑ ላይ ዘፍ አሉ፤ መርፌው ሃምሳ ሁለት ኪሎ አለ።

«አህያውም እኔ፣ ሰዳቢውም እኔ ነኝ።»

«ራስህን? እኛ መጽሐፍ ቅዱስ ዳር ላይ ‹ጌታ ይመስገን› ነው የምንጽፈው!»

መጽሐፉን ተቀብለው ገለጡ። ተመስገን፣ የጠፋው ስድቡ ብቻ ነው፤ እርማቱ አለ። አንድ ቦታ ሲቀር። መጽሐፉ «አዞ ዳር ወጥቶ አፉን ከፍቶ ይተኛል» ባለበት፣ እሳቸው «ተረት ነው፤ ይሰረዝ» ብለው ነበር። በምትኩ በእስክሪብቶ፦ «እውነት ነው። ይቆይ። አቻን።»

«ይኼስ ስድብ ነው?»

«ስድብ አይደለም፣ ውሸት ነው። አንተ በቆሎ ታውቃለህ፣ እኔ ወንዝ ዳር ነው ያደግሁት። ና፣ በመስኮት እይ!»

አዩ። አዞው አፉን በርግዶ ያንኮራፋል። የኔታ እርሳሳቸውን አውጥተው ከስሟ ሥር «ተስማምቻለሁ፤ አህያው» ብለው ጻፉና መጽሐፉን አስረከቡ። አዞው ማኮብኮቢያውን ሲለቅ አውሮፕላኑ መጽሐፉን ይዞ በረረ።

እሺ፣ አዞውን ማኮብኮቢያው ላይ በወሬ ያስተኛሁት እኔ ነኝ። አውሮፕላኑን ያዘገየው ጭቃ ነው። የኔታ ያመኑት የአቻንን ቃል ብቻ ሰምተው ነው፤ ግን እንደዚያ ብዬ ባወራላችሁ ማን ያምነኝ ነበር?