ከሳነቲ የተደወለ ስልክ

አቶ ደረሰ ከሙያ ማሠልጠኛ መምህርነታቸው በጡረታ ሲሰናበቱ፣ በሐዋሳ ከተማ ማንም ያልጠየቃቸውን አገልግሎት ለሕዝብ ክፍት አደረጉ። ድሮ የመስክ ሠራተኞች ድንኳን ይዘው ሲወጡ የሚያበስሉባቸውን፣ አየር በእጅ የሚሞሉትን የነሐስ የላምባ ምድጃዎች ይጠግናሉ። መለዋወጫቸው ከገበያ ከጠፋ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ሌላ ሰው ይህን ሲሰማ ይተወዋል፤ እሳቸው ግን ጥሪ የደረሳቸው ያህል ተነሡ። የቀዳዳ መጥረጊያውን ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ፣ ማሸጊያ ጎማውን ከመኪና ካላማዳሪ፣ የፓምፑን ቆዳ ከገዛ ጫማቸው ምላስ ይቀርጻሉ። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ባለው ቤታቸው የጓሮዋ ክፍል በሃያ ሦስት ምድጃ ተሞልታለች። ከእነዚህ ሁለቱ ይነዳሉ።

«አንተ ደረሰ፣ አንድ ምድጃ ከዚህ ወጥቶ ሲሠራ ልይ» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጽጌ። «ካልሠራ ክፍሏ የስፌት መኪናዬ ናት።»

«ካልሠራ ውሰጃት!»

በሳምንቱ እንግዶችን ተራራ የሚያስጎበኘው ሚኪያስ መጣ።

«ጋሽ ደረሰ፣ አሥር ሰው ይዤ ባሌ፣ ሳነቲ ልወጣ ነው። ከምድጃዎችዎ አንዱ ይሠራልኛል?»

«ከአንተ በላይ ይሠራል።»

አዲስ የፓምፕ ቆዳ በዘይት መለስለስ አለበት። የሞተር ዘይት መደርደሪያው ላይ ነበረ። ግን የአባታቸው ኮርቻ በቅቤ ሲለሰልስ እያዩ ያደጉ ሰው ቆዳን በሞተር ዘይት አያዋርዱም። ጽጌ ገበያ ሲወጡ ጠብቀው ከማጀት አንድ ማንኪያ ንጥር ቅቤ አነሡ። ምድጃው በሐዋሳ ሙቀት እያገሳ፣ ሰማያዊ ነበልባል እየተፋ ነደደ። ሚኪያስ አመስግኗቸው፣ ምድጃውን ይዞ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን፣ ባልና ሚስት ለምሳ ቀርበው ሳሉ ስልክ ተደወለ። አቶ ደረሰ ስልክ የሚያነጋግሩት ድምፅ ማጉያውን ከፍተው፣ ግማሽ ሰፈር እንዲሰማ አድርገው ነው።

«ጋሽ ደረሰ፣ ፓምፑ ድርቅ አለ! እንግዶቹ ጥሬ ፓስታ ከበው ተቀምጠዋል!»

«ብርዱ እንዴት ነው?»

«ውሃው ራሱ በረዶ ሆኗል!»

ወዲያው ገባቸው። ወይዘሮ ጽጌ መጉረሳቸውን አቁመው ያዳምጣሉ። «ላምባው ተበርዞ ነው» ቢሉ በዚህ አገር የማያምናቸው አልነበረም፤ ክፍሏም ትተርፍ ነበር። አሥሩ እንግዶች ጾማቸውን ቢያድሩም ያን ያህል ባልከነከናቸው። ግን ደህናው ምድጃ ሳይነድ ቀርቶ ስሙ ሊጠፋ ነው፤ ይህን አልቻሉም።

«ፓምፑን ነቅለህ ብብትህ ውስጥ ክተተው።»

«ምን?»

«ብብትህ ውስጥ! ቆዳው ላይ ያለው ቅቤ ረግቶ ነው፤ ሲቀልጥ ይሠራል።»

«የምን ቅቤ?» አሉ ሚኪያስና ወይዘሮ ጽጌ ባንድ አፍ።

«ንጥር» አሉ አቶ ደረሰ፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ስልኩ እንደገና ጮኸ። የምድጃው ግሣትና የፈረንጆች ጭብጨባ ቤቱን ሞላው። «ነደደ! ጠረኑማ ዶሮ ወጥ ነው፣ ጋሼ!»

«ሰማሽ?» አሉ ወደ ሚስታቸው ዞረው።

«ሰማሁ። በብብት የሚሞቅ ምድጃ ሠራ አይባልም። ቁልፉን።»

አቶ ደረሰ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም። ፀሐይ ሳትጠልቅ የጓሮዋን ክፍል ባዶ አድርገው፣ ጠርገው አስረከቡ። ሃያ ሁለቱንም ምድጃዎች አንድ በአንድ ተሸክመው መኝታ ቤት አስገቡና፣ በጽጌ በኩል ከአልጋው ሥር ደረደሯቸው።